ኢሚውኖቴራፒ ለሌሎች ካንሰሮች ሲሠራ ለፕሮስቴት ካንሰር ለምን እምቢ አለ? ምንስ እየተሞከረ ነው?

ነጭ ሕዋስ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ካንሰሩን የሚያስመታው መድኃኒት ለኛስ አይሆንም?» መላሹ ወይ «ለፕሮስቴት አይሠራም» ብሎ ይዘጋዋል፣ ወይ ከሜላኖማ (ከቆዳ ካንሰር ዓይነት) የተወሰደ የስኬት ታሪክ ለጥፎ ይሄዳል። ሁለቱም ታማሚውን ይጎዱታል። የመጀመሪያው ሊጠቅመው የሚችል ምርመራ እንዳይጠይቅ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ገንዘቡንም ጊዜውንም ያስጨርሰዋል። የምሠራው ቲ ሴልን፣ ማለትም የታመመ ሕዋስን ለይቶ የሚገድለውን ነጭ የደም ሕዋስ በሚያጠና ላብራቶሪ ውስጥ ስለሆነ የማውቀውን ላስቀምጥ። ሐኪሞች ካላችሁ ጨምሩበት።

ዛሬ በብዛት የሚታዘዙት እነ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ካንሰሩን ራሳቸው አይገድሉም፣ ቲ ሴልም አይፈጥሩም። ሥራቸው ዕጢው ውስጥ ገብቶ፣ የካንሰሩን ሕዋስ ለይቶ፣ ነገር ግን ፒዲ-1 በሚባለው ማቆሚያ ተይዞ የቀረውን ቲ ሴል መልቀቅ ነው። እንዲህ ያሉ ማቆሚያዎችን መልቀቅ ለካንሰር ሕክምና እንደሚሆን ያሳዩት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል ተሸልመውበታል። ግን የሚለቀቀው ቲ ሴል ቀድሞ እዚያ መኖር አለበት። አብዛኛው የፕሮስቴት ዕጢ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቲ ሴል የራቀው ነው፤ ቢኖርም ዳር ዳሩን ተሰብስቦ ነው የሚታየው፣ ወደ መሀል አልዘለቀም። በሙያው «ቀዝቃዛ ዕጢ» የሚባለው ይህ ነው።

ለምን ቀዘቀዘ? ቲ ሴል ካንሰርን የሚለየው በተለወጡ ፕሮቲኖች ነው፤ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ስሕተት) ሲበዛ የሚታየው እንግዳ ነገርም ይበዛል። ሜላኖማና የአጫሽ ሰው የሳንባ ካንሰር በአንድ ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ውስጥ 10 እና ከዚያ በላይ ሚውቴሽን መያዛቸው የተለመደ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ብዙውን ጊዜ 1 አካባቢ ላይ ነው። በዚያ ላይ ዕጢው ቲ ሴልን የሚያደነዝዙ ማይሎይድ ሕዋሳትን እየጠራ በዙሪያው ያከማቻል።

ከሁሉ የከበደው ግን አጥንት ነው። ይህ ካንሰር ሲዛመት ከየትም በላይ የሚቀመጠው አጥንት ላይ ነው። አጥንት ሲፈርስ ደግሞ በውስጡ ታምቆ የነበረ ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለ ፕሮቲን ይለቀቃል፤ እሱም ቲ ሴሉ የገዳይነት መንገዱን እንዳይዝ ያደርገዋል። በ2019 ኤምዲ አንደርሰን ከተባለው የአሜሪካ የካንሰር ማዕከል የወጣ የአይጥ ጥናት ይህን ነገር ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ያው ካንሰር ከቆዳ ሥር ሲሆን ቲ ሴሉ ለመድኃኒቱ እንደሚፈለገው መልስ ሰጠ፤ አጥንት ውስጥ ሲሆን አቅጣጫውን ሳተ። ቲጂኤፍ-ቤታው አብሮ ሲታገድ ነገሩ ተሻሻለ። ይህን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነሣሣል፤ ምክንያቱም «አይሠራም» የሚለውን ነገር ወደ «ይህ ስለጎደለው ነው» ይለውጠዋል።

በሰው ላይ የታየው ውጤት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ኪይኖት-199 በተባለው ሙከራ ኬሞና ሆርሞን ሕክምና ያለፈባቸው 258 ታማሚዎች ፔምብሮሊዙማብ ብቻውን ወሰዱ። በምስል የሚለካ ዕጢ ከነበራቸው መካከል በግልጽ የቀነሰላቸው ከመቶ ከ3 እስከ 5 ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከኢንዛሉታማይድ (የሆርሞን ሕክምና) ጋር፣ ከዶሴታክሰል (ኬሞ) ጋር፣ ከኦላፓሪብ (ካንሰሩ ዲኤንኤውን እንዳይጠግን የሚያግድ) ጋር እየተጣመረ በትላልቅ ሙከራዎች ተፈተነ፤ ዕድሜ ማራዘም አልቻለም።

ስለዚህ መድኃኒቱን ከመምረጣችን በፊት ዕጢው የጎደለውን እንጠይቅ እላለሁ። ቲ ሴል ለጎደለው ዕጢ ቲ ሴል ማምጣት ነው የሚያስፈልገው። እንዴት የሚለውን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ታዛቢው

ልጄ ተባረኪ፣ ነገሩን እንደዚህ አፍታቶ የነገረኝ ሰው አላጋጠመኝም። እኔ ራሴ ታማሚ ነኝ። መርፌውን (የሆርሞኑን ማለቴ ነው) ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ፒኤስኤዬ (ደም ውስጥ የሚለካው የፕሮስቴት ፕሮቲን) ወርዶ ነበር፣ አሁን ደግሞ ቀስ እያለ መነሣት ጀምሯል። አንድ ነገር ልጠይቅ። ከሰው ደም ውስጥ ሕዋስ ወስደው፣ አሠልጥነው፣ መልሰው የሚሰጡት ክትባት አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ለፕሮስቴት የተፈቀደ ነው ይላሉ። አንቺ አላነሣሽውም። ቀርቷል ማለት ነው?

ተረኛ ሐኪም

ጋሼ፣ አልቀረም። የሚሉት ሲፑሉሴል-ቲ ነው፣ በገበያ ስሙ ፕሮቬንጅ። የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 ፈቀደው፤ ሰውነት በውስጡ ያለን ካንሰር እንዲያጠቃ ተብሎ ከራሱ ከታማሚው ሕዋስ የሚሠራ ክትባት በአሜሪካ ሲፈቀድ የመጀመሪያው ነበር።

አሠራሩን በቅርበት ልንገርዎ። ታማሚው ወንበር ላይ ይቀመጥና ደሙ በአንድ መስመር ወጥቶ በማሽን ውስጥ ያልፋል፤ ማሽኑ ነጭ ሕዋሳቱን ለይቶ ያስቀርና የቀረውን ደም በሌላ መስመር ይመልሳል። ይህ ሦስት አራት ሰዓት ይወስዳል። የተወሰደው ወደ ማምረቻው ይላክና ፒኤፒ ከተባለ የፕሮስቴት ፕሮቲንና ጂኤም-ሲኤስኤፍ ከተባለ ቀስቃሽ በአንድ ላይ ከተሠራ ሞለኪውል ጋር እንዲቆይ ይደረጋል። ዓላማው ከነጭ ሕዋሳቱ መካከል ዴንድሪቲክ የሚባሉት ፒኤፒን ይዘው ለቲ ሴሎች «ይህን ያለበትን ፈልጉ» ብለው እንዲያሳዩ ነው። በሦስት ቀን ገደማ ከረጢቱ ይመለሳል፤ ከታሸገ በኋላ የሚቆየው 18 ሰዓት ብቻ ስለሆነ አውሮፕላን ቢዘገይ ወይም ናሙናው ጥራቱን ካላሟላ ታማሚው እንደገና ማሽኑ ላይ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ጊዜ ይደገማል። የሚከተለው በአብዛኛው ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ ድካም ነው፤ ባብዛኛው በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል።

ውጤቱ፦ ኢምፓክት የተባለው ሙከራ 512 ታማሚዎችን ይዞ ነበር። ካንሰራቸው የተዛመተ፣ ለሆርሞን ሕክምና እምቢ ያለ፣ ግን ገና ብዙ ሕመም የማይሰማቸው ነበሩ። ክትባቱን የወሰዱት ከዚያ በኋላ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ዕድሜ 25.8 ወር ሆነ፣ ያልወሰዱት 21.7 ወር። ልዩነቱ 4.1 ወር ነው።

አስቸጋሪው ነገር ፒኤስኤው አይወርድም፣ ዕጢውም በምስል ላይ አያንስም። እርስዎ ክትባቱን ወስደው በወሩ ቢመረመሩ ቁጥሩ ሲወጣ ሊያዩ ይችላሉ። ሐኪሙም ታማሚውም ሠራ አልሠራ የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም ማለት ነው። ለሦስቱ ዙር የተጠየቀው 93 ሺህ ዶላር ሲጨመርበት ብዙ ሐኪም አመነታ። አምራቹ ዴንድሪዮን ከስሮ ለሌላ ተሸጠ፤ በአውሮፓም በ2013 የተሰጠው ፈቃድ በ2015 ተነሣ። አሜሪካ ውስጥ ግን ዛሬም ይሰጣል።

ስሌት

ሙያዬ የክሊኒካል ሙከራ ስታቲስቲክስ ስለሆነ «4.1 ወር» የምትለዋ ቁጥር ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ሲሰማት «እያንዳንዱ ሰው አራት ወር ይጨመርለታል» ብሎ ይረዳታል። መካከለኛ ማለት ግማሹ ሰው ከዚያ በፊት፣ ግማሹ ከዚያ በኋላ ማለት ነው። አንዱ ምንም ሳይጠቀም፣ ሌላው ብዙ ሊጠቀም ይችላል። የኢምፓክት መረጃ በኋላ በመነሻ ፒኤስኤ በአራት ተከፍሎ ሲታይ ዝቅተኛው ክፍል (22.1 እና ከዚያ በታች) ውስጥ ልዩነቱ 13 ወር ገደማ ነበር፤ ከፍተኛው ክፍል (ከ134 በላይ) ውስጥ ደግሞ 2.8 ወር። ይህ ከሙከራው በኋላ የተሠራ ክፍፍል ስለሆነ እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ጥቆማ ነው መያዝ ያለበት። ግን ከሥነ ሕይወቱ ጋር ይሄዳል፦ የመከላከያ ሥርዓት ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ ያለው ደግሞ ካንሰሩ ገና ትንሽ የሆነበት ሰው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ኢፒሊሙማብ ነው። ይህኛው የሚለቀው ሲቲኤልኤ-4 የተባለውን ማቆሚያ ነው። ከኬሞ በኋላ 799 ታማሚዎች መጀመሪያ አጥንታቸው ላይ ጨረር ተሰጣቸው፣ ከዚያ ኢፒሊሙማብ ወይም ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ)። መካከለኛ ዕድሜ 11.2 ወር ከ10.0 ወር ጋር፤ ፒ ዋጋው (መድኃኒቱ ባይጠቅም እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ) 0.053። የተለመደውን 0.05 ወሰን ስላለፈ «ያልተሳካ ሙከራ» ተባለ። በየጊዜው በሕይወት ያሉትን የሚያሳዩትን የሁለቱን ቡድኖች መስመሮች ዘርግታችሁ ስታዩ ግን ይሻገራሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት መድኃኒቱን የወሰዱት የባሰ ሞተዋል፤ ከጎንዮሽ ጉዳት የተነሣ የሞቱም ነበሩ። ከዚያ መስመሮቹ ቦታ ይቀያየሩና ጅራቱ ላይ ይለያያሉ። አምስት ዓመት የደረሱት ከመቶ 7.9 ከ2.7 ጋር ናቸው።

ይህ መድኃኒቱ ይሰጥ ለማለት አይደለም። ጥቂት ሰዎች ውስጥ የሆነ እውነተኛ ነገር እንዳለ ግን ይታየኛል። እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ መለየት ስላልቻልን ብቻ የጥቂቶቹ ጥቅም በብዙኃኑ ጉዳት ውስጥ ጠፋ። እንዲህ ያለውን መድኃኒት በመካከለኛ ዕድሜ ብቻ መመዘን ያሳዝነኛል።

የበኩር ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በእንባ ነው ያነበብኩት። አባቴ ታሞብኛል። ካንሰሩ ጉበቱም አጥንቱም ላይ ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ሐኪሙ «ኤምኤስአይ የሚባል ምርመራ እናድርግ፣ ዕድሉ ትንሽ ቢሆንም» አለን። ምንድን ነው? ዕድሉ ትንሽ ከሆነ ሽማግሌውን ለምን እናንገላታ? ሁለተኛ፣ አንድ ሰው «የሰውነት መከላከያን ያጠነክራል፣ ካንሰሩን ራሱ ይበላዋል» ብሎ ዱቄት እየሸጠልን ነው። እናቴ ጀምራለታለች። ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጭ ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ተረኛ ሐኪም

እህቴ፣ አይዞሽ። ከምርመራው ልጀምር። ዲኤንኤ ሲባዛ የሚፈጠሩ ስሕተቶችን የሚያርሙ ፕሮቲኖች አሉ። እነዚህ ከተበላሹ ካንሰሩ በሚውቴሽን ይጥለቀለቃል፤ «ነጭ ሕዋስ» ከላይ እንዳለችው ለቲ ሴል የሚታይ እንግዳ ነገር ይበዛለታል። ያ ዕጢ ቀዝቃዛ አይደለም። ኤምኤስአይ የሚመረምረው ይህንን ነው። በ2019 በታተመ ጥናት ከ1,033 የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች 32ቱ፣ ማለትም ከመቶ 3 ገደማ፣ ይህ ተገኘባቸው። ከነሱ 11ዱ ፒዲ-1ን ወይም ተጓዳኙን የሚያግድ መድኃኒት ወስደው 6ቱ ፒኤስኤያቸው ከግማሽ በላይ ወረደ። አንዳንዶቹ ከዓመት በላይ በመድኃኒቱ ላይ ቆይተዋል። ኤፍዲኤም በ2017 ፔምብሮሊዙማብን ይህ ለውጥ ላለበት ለማንኛውም ጠጣር ዕጢ ፈቅዷል፣ ካንሰሩ ከየትኛውም አካል ይነሣ።

ስለዚህ ዕድሉ ትንሽ ነው፣ ውጤቱ ግን ከተገኘ ትልቅ ነው። እንግልቱም ብዙ ጊዜ አዲስ መርፌ አይጠይቅም፤ ቀድሞ የተወሰደ የባዮፕሲ ናሙና ካለ በሱ ይሠራል። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ ለውጡ በዘር የሚተላለፍ ሊሆን ይችላል፣ ሊንች ሲንድረም ይባላል። ከዚያ ጥናት 32 ሰዎች 7ቱ እንዲያ ነበሩ። ከተገኘ ምርመራው ላንቺና ለእኅት ወንድሞችሽም ይጠቅማል፤ የአንጀትና የማህፀን ካንሰር ክትትል ቀደም ብሎ ይጀመራል።

ዱቄቱን በተመለከተ፣ ካንሰርን የሚያክም ማስረጃ ያለው «የመከላከያ ማጠንከሪያ» ዱቄት የለም። ጉዳቱ ደግሞ እውነተኛ ነው። አንዳንድ ዕፅዋት ጉበት መድኃኒት የሚያፈርስበትን ፍጥነት ይለውጣሉ፤ አቢራቴሮንና ኢንዛሉታማይድ የተባሉት የሆርሞን መድኃኒቶች ደግሞ በዚህ ከሚነኩት ናቸው። ዕቃውን ራሱን ይዘሽ ለሐኪሙ አሳይው። እናትሽን አትቆጪያት፤ ዝም ብላ መቀመጥ ስላቃታት ነው። «እስኪጣራ እናቁመው» ብትያት ትሰማሻለች።

ቅድሚያ ለምርመራ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን አንድ ነገር ሊባል ይገባል። በ2022 በዓለም ላይ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ታማሚዎች ነበሩ፣ 397 ሺህ ገደማ ሞተዋል። ከነዚህ ብዙዎቹ የሞቱት ዘግይተው ስለተገኙ ነው። ቶሎ ቢገኝ በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር የሚድን በሽታ ላይ፣ መጨረሻ ደረጃ ለደረሰ ሰው አራት ወር የሚጨምር ነገር ለመሥራት ይህ ሁሉ ሀብት መፍሰሱ ያሳስበኛል።

ነጭ ሕዋስ

ስጋትህ ይገባኛል፤ ቶሎ ማግኘት ከሁሉ እንደሚቀድም እኔም አምናለሁ። ሆኖም ቶሎ ተገኝቶ፣ ታክሞ፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የሚመጣባቸው ብዙ ናቸው። ጋሼ ታዛቢው ያሉበትን ደረጃ አስብ። ለሳቸው «ቀድመው መመርመር ነበረብዎ» ማለት መልስ አይሆንም። ደግሞም አዲስ መድኃኒት የሚፈተነው መጨረሻ ደረጃ ላይ ነው፤ ከሠራ ነው ወደ ፊት የሚመጣው። ኢንዛሉታማይድና አቢራቴሮን መጀመሪያ ከኬሞ በኋላ ነበር የሚሰጡት፣ አሁን ካንሰሩ እንደተዛመተ ይጀመራሉ።

ወደ ቃሌ ልመለስ፦ ቲ ሴል ስለማምጣት።

አሁን ከሁሉ በላይ ዓይኔን የጣልኩበት ባለ ሁለት አቅጣጫ ፀረ እንግዳ አካል ነው። አንድ ሞለኪውል ነው፤ በአንድ ጎኑ ካንሰሩ ላይ ያለን ፕሮቲን ይይዛል፣ በሌላ ጎኑ ሲዲ3 የተባለውን፣ ማንኛውም ቲ ሴል ላይ የሚገኘውን ፕሮቲን ይይዛል። ሁለቱን አፍንጫ ለአፍንጫ ያገናኛቸዋል። ቲ ሴሉ ካንሰሩን ቀድሞ ማወቅ አያስፈልገውም፣ ሚውቴሽን መብዛትም አያስፈልግም። እንደተያያዙ ቲ ሴሉ ገዳይ ፕሮቲኖቹን ያራግፋል። የፕሮስቴት ካንሰር የሚውቴሽን ድሃ ይሁን እንጂ በላዩ ላይ ፒኤስኤምኤ እና ስቲፕ1 የሚባሉ ፕሮቲኖች በብዛት አሉት፤ ለዚህ ዘዴ የተመቸ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ፒኤስኤምኤን የሚይዙ ነበሩ። ፒኤስኤን ቢያወርዱም የሳይቶካይን ማዕበል ቀሰቀሱ፤ ማለትም ቲ ሴሎቹ በአንድ ጊዜ ተነሥተው የሚያፈስሱት ኬሚካል ትኩሳት፣ የደም ግፊት መውረድ፣ አንዳንዴም የመተንፈስ ችግር ያመጣል። አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ተዘጉ።

ከዚያ ዛሉሪታሚግ መጣ። ይህ ስቲፕ1ን በሁለት እጅ፣ ሲዲ3ን በአንድ እጅ ይይዛል። ሁለት እጅ መሆኑ ዝም ብሎ አይደለም፦ ስቲፕ1 በብዛት ያለበትን የካንሰር ሕዋስ አጥብቆ ይይዛል፣ ጥቂት ብቻ ያለበትን ጤነኛ ሕዋስ ደግሞ በቀላሉ ይለቃል። በመጀመሪያው የሰው ሙከራ ውጤታቸው የታተመው 97 ታማሚዎች ብዙ ሕክምና ያለፈባቸው ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉ (ከመቶ 49) ፒኤስኤያቸው በግማሽና ከዚያ በላይ ወረደ፣ ከፍ ባለው መጠን ከመቶ 59። በምስል የሚለካ ዕጢ ካላቸው ከፍ ባለው መጠን ከመቶ 41ዱ ዕጢያቸው ቀነሰ። ከላይ ከጻፍኩት «ከ3 እስከ 5» ጋር አስተያዩት። የሳይቶካይን ማዕበሉ ከመቶ 72ቱን ነካ፣ አብዛኛው ቀላልና መካከለኛ ነበር፣ በይበልጥም በመጀመሪያው ዙር። ለዚህ ነው በትንሽ መጠን ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚጨመረው፤ ታማሚውም መጀመሪያ ላይ በቅርብ ክትትል ሥር ይቆያል። የጡንቻ ሕመምም ብዙዎችን አስቸግሯል። አሁን ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ፣ ማለትም ከመጽደቅ በፊት ያለው ትልቅ ሙከራ ላይ ደርሷል።

ሌሎች ደግሞ በጭምብል የሚላኩ ሞለኪውሎች እየሠሩ ነው። በደም ውስጥ ሲዘዋወር የሚይዘው ጎኑ ተሸፍኗል፣ ዕጢው ዘንድ ሲደርስ የዕጢው ኢንዛይሞች ሽፋኑን ይቆርጡታል። ጃነክስ የሚባለው ኩባንያ በፒኤስኤምኤ ላይ የያዘው ይህን ነው።

የበኩር ልጅ

ካር-ቲ የሚባለውስ? ለደም ካንሰር አዳነ ሲባል ስሰማ ነበር።

ነጭ ሕዋስ

እሱ ደግሞ ቲ ሴሉን ከታማሚው ወስዶ፣ በዘረመል ቀይሮ፣ ካንሰሩን የሚይዝ መሣሪያ ተክሎበት መመለስ ነው። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፒኤስኤምኤን የሚይዝ፣ በዚያ ላይ ቲጂኤፍ-ቤታ እንዳያደነዝዘው ተደርጎ የተሠራ ካር-ቲ ለ13 ታማሚዎች ሰጡና በ2022 ውጤቱን አወጡ። አንዱ ታማሚ ፒኤስኤው ከ98 በመቶ በላይ ወረደ። ያው ሰው በከባድ የሳይቶካይን ማዕበልና አብሮት በመጣ ኢንፌክሽን ሞተ። ሌሎች ሦስት ሰዎች ከ30 በመቶ ያላነሰ መቀነስ አዩ። ይህን ጥናት ሳነብ ኃይሉንም አደጋውንም በአንድ ሰው ላይ አየሁት። ሲቲ ኦቭ ሆፕ የተባለው የአሜሪካ የካንሰር ማዕከል ደግሞ ፒኤስሲኤ በተባለ ሌላ ፕሮቲን ላይ በ14 ሰዎች ሞክሮ 4ቱ ከ30 በመቶ በላይ ቀነሰላቸው፤ ያስቸገራቸው የፊኛ ብግነት ነበር፣ ፒኤስሲኤ ፊኛ ላይም ስላለ። ገና ጅምር ነው። ለአባትሽ ዛሬ ከዚህ ይልቅ የኤምኤስአዩ ምርመራ ይቀርባል።

ታዛቢው

እኔ የምወስደው የሆርሞን መርፌ ራሱ መከላከያዬን አያዳክመውም ወይ? ድካሙን ሳየው እንዲያ ይመስለኛል።

ተረኛ ሐኪም

ጋሼ፣ ድካሙ ከቴስቶስተሮን ማነስ ነው። ለቲ ሴል ግን ነገሩ ወደ ሌላ ያደላል። በ2001 የታተመ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በፊት ሆርሞን የታገደላቸው ሰዎች ፕሮስቴታቸው ውስጥ ቲ ሴሎች ገብተው አገኘ። በ2022 ደግሞ የቴስቶስተሮን መቀበያው ቲ ሴሉ ውስጥ ሆኖ ጥቃቱን እንደሚገታ የሚያሳይ ሥራ ወጣ። ይህን ይዘው ነበር ኢንዛሉታማይድን ማቆሚያ ከሚለቁት ከአቴዞሊዙማብና ከፔምብሮሊዙማብ ጋር ያጣመሩት፤ በትልልቆቹ ሙከራዎች አልሆነም። የኔ ግምት ጊዜው ነው። ከነዚያ ታማሚዎች ብዙዎቹ ሆርሞናቸው ታግዶ የቆየ ነበር፤ ቲ ሴሉ የሚገባው መጀመሪያ ላይ ከሆነ ያ መስኮት አልፏል። ስለዚህ መርፌዎን በዚህ ሥጋት እንዳያቋርጡ።

ስሌት

አንድ የምጨምረው አለ። ከአፍሪካ ዘር የሆኑ ወንዶች በዚህ በሽታ በብዛት እንደሚያዙና እንደሚሞቱ እየታወቀ ከላይ በዘረዘርናቸው ሙከራዎች ውስጥ ቁጥራቸው በጣም ጥቂት ነው። ፕሮሲድ የተባለው የፕሮቬንጅ መዝገብ ፒኤስኤያቸው ተቀራራቢ የሆኑትን ሲያስተያይ ጥቁር አሜሪካውያን መካከለኛ ዕድሜያቸው 35.3 ወር፣ ነጮቹ 25.8 ወር ሆኖ ተገኘ። ዕጣ የተጣለበት ሙከራ ስላልሆነ ምክንያቱ ክትባቱ ነው ማለት አይቻልም። ግን ልዩነቱ ከክትባቱ አጠቃላይ ጥቅም ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ ምልክት አይቶ በቂ ሰው ይዞ ያለመፈተን ያስቆጨኛል። ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ያሉት አዳዲሶቹ መድኃኒቶችም ያንኑ ካደረጉ ከጸደቁ በኋላ ስለ ብዙ ታማሚዎች በግምት ነው የምናወራው።

ተረኛ ሐኪም

እስማማለሁ፣ አንድ ጥንቃቄ ጨምሬ። መዝገብ ውስጥ የገባ ሰው ሕክምናው የደረሰው ሰው ነው። የደረሰውና ያልደረሰው ደግሞ በብዙ ነገር ይለያያሉ። መፈተን ያለበት ለዚህም ነው።

ታዛቢው

ገብቶኛል። እንግዲህ እኔ ለሐኪሜ ምን ልበል? ባዮፕሲዬ የተወሰደው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ያ ናሙና ዛሬ ይጠቅማል?

ተረኛ ሐኪም

ጋሼ፣ «ናሙናዬ ላይ የኤምኤስአይና የዲኤንኤ ጥገና ጂኖች ምርመራ ተሠርቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ናሙናው በፓራፊን ሰም ተይዞ ተቀምጦ ይሆናል፤ ፕሮቲኖቹን በቀለም የሚያየው ምርመራ በአሮጌ ናሙና ላይም ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ዲኤንኤው ግን ከዓመታት በኋላ ስለሚሰባበር ሊከሽፍ ይችላል። ከከሸፈ ሁለት አማራጭ አለ፦ ከተዛመተበት ቦታ አዲስ ናሙና፣ ወይም ደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን የካንሰር ዲኤንኤ መፈለግ። የደሙን ከመረጡ ጊዜውን ይጠብቁ። ካንሰሩ በመድኃኒት ተይዞ ፒኤስኤው ዝቅ ባለ ጊዜ ደም ውስጥ የሚገኘው ዲኤንኤ እጅግ ጥቂት ስለሆነ «አልተገኘም» የሚለው ውጤት ምንም አይነግርዎትም። እርስዎ እንዳሉት ቁጥሩ እየተነሣ ከሆነ፣ ቀጣዩ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ያለው ጊዜ ነው የሚሻለው። ደሙ የሚወሰድበትን ቀን ከሐኪምዎ ጋር ከመድኃኒቱ መጀመሪያ ቀን በፊት ያስይዙ።

የበኩር ልጅ

የአባቴ ናሙና ለኤምኤስአይ ዛሬ ተልኳል። ዱቄቱንም ሐኪሙ አይቶ አስቁሞታል። ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።